እግዚአብሔርን ጠይቃችሁ መልሱን መስማት እንድትችሉ፦ የአንድ ሳምንት አሠራር

ከጉባኤ በኋላም በስልክም፣ ሰሞኑን ደሞ አረብ አገር ካሉ እህቶች በቮይስ ሜሴጅ፣ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። "ጸለይኩ፣ ጾምኩ፣ ተሳልኩ፣ ግን እግዚአብሔር ምን እንዳለኝ አላወቅኩም፣ እንዴት ነው የሚታወቀው?" አንዱ ስለ ትዳር ይጠይቃል፣ አንዷ ኮንትራቷን ላድስ ወይስ ልመለስ ትላለች፣ ሌላው ስለ ሥራ ወይ ስለ ገዳም። ሁሌ ያንኑ ስለምመልስ አንዴ በተራ ልጻፈውና የጠየቀኝ ሁሉ ይኼን ያንብብ ብዬ ነው።

እኔ ካህን አይደለሁም። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ፣ የምጽፈውም ከአባቶች የተማርኩትንና ራሴ ተሳስቼ የታረምኩበትን ነው። አጻጻፌ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ስለሆነ በሌላ ቤተ ክርስቲያን ያላችሁ የጸሎቱን ክፍል በለመዳችሁት ተኩት፣ የቀረው እንዳለ ይሠራል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ብዙዎቻችን መልስ ያጣነው እግዚአብሔር ዝም ብሎን ሳይሆን "አይሆንም" የሚለው መልስ የሚገባበት በር ስለዘጋንበት ነው። ትሕትና የምለውም አንገት መድፋትና ድምፅ መቀነስን አይደለም፣ "አይሆንም" ቢባል መቅረት መቻልን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ያንን በር ለመክፈት ነው የሚሠሩት።

የሚያስፈልጋችሁ ነገር

- ደብተርና እስክሪብቶ። የስልክ ኖት አይሁን፣ ስልኩን ስትከፍቱ ቴሌግራሙም አብሮ ይከፈታል፣ ደሞ የጻፋችሁትን ዲሊት ማድረግ በጣም ይቀላል። በወረቀት የጻፋችሁትን ብትሰርዙት እንኳ የሰረዛችሁበት መስመር ይታያችኋል፣ በኋላ እሱም ያስፈልጋችኋል።
- መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም።
- የንስሐ አባታችሁ ስልክ። የንስሐ አባት ከሌላችሁ መጀመሪያ በአጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ አባት ያዙ፣ ሌላው ሁሉ ከዛ በኋላ ይደርሳል።
- እውነቱን የሚነግራችሁ አንድ ሰው። የሚወዳችሁ ግን የማይፈራችሁ ማለቴ ነው።
- ሰባት ቀን፣ በየቀኑ ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ሩብ ሰዓት።
- ውሳኔው የሚያልቅበት ቀን። ማብቂያ የሌለው ጸሎት አንዳንዴ መወሰንን መሸሻ ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፣ ሳታነቡ አትለፉ

ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ፣ ስኳር ወይ ጨጓራ ያለበት፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጾሙንና ስግደቱን ከአባቱና ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት። "እምነቴን ላሳይ" ብላችሁ መድኃኒት እንዳታቋርጡ፣ ጸበልም ስትጠመቁ መድኃኒታችሁን ውሰዱ። እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ፣ ድምፅ የሚያዛችሁ ከሆነ፣ ራሳችሁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባችሁ ይኼን መመሪያ ተዉትና ለሰው ተናገሩ፣ ሐኪም ጋር ሂዱ፣ ለአባታችሁም ንገሩ። የሚደበድባችሁ ወይ ፓስፖርታችሁን የያዘ ሰው ቤት ያላችሁ ደሞ ሰባት ቀን አትጠብቁ፣ መጀመሪያ ራሳችሁን አድኑ።

1. ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

"ጌታ ሆይ መንገዴን አቅና" ጥሩ ጸሎት ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን ሰፊ ነው። ምን እንደጠየቃችሁ ካላወቃችሁ መልሱ ሲመጣ አታውቁትም። ዳዊት ቅዒላ ላይ ሲጠይቅ (1ኛ ሳሙኤል 23) "ሄጄ እነዚህን ፍልስጥኤማውያን ልምታን?" ነው ያለው፣ ጥርት ያለ ጥያቄ ነው፣ አዎ ወይም አይ የሚባልበት። የእናንተም እንደዛ ይሁን፣ "የመጣልኝን ሥራ እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀበል ወይስ ልተው?" ብላችሁ ጻፉት፣ ቀን ጻፉበት።

የሚሠራ ስህተት፦ ሁለት ሦስት ጥያቄ አንድ ላይ መደባለቅ። ትዳርና ሥራ እና አገር መቀየር አንድ ላይ ከተጻፉ አንዱ ላይ የተገኘ ሰላም ሌላውንም የሸፈነ ይመስላችኋል። ነጣጥሏቸው።

2. ልባችሁ ወዴት እንዳዘነበለ በሐቅ ጻፉ

እዚህ ጋ ቆም እንበል፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ እኔም የወደቅኩት እዚሁ ነው።

የዛሬ የተወሰነ ዓመት ዱባይ ሥራ አገኘሁ። ኦፈር ሌተሩ መጥቷል፣ ደሞዙ ጥሩ ነው፣ እኔም እንደ ደንቡ ልጸልይበት ብዬ ጀመርኩ፣ በስድስተኛው ቀን የንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ መስቀል ተሳልሜ "አባቴ፣ እየጸለይኩበት ነው፣ ልቤም ሰላም አግኝቷል" አልኳቸው። እሳቸው ዝም ብለው ሰምተው ሲጨርሱ "ልጄ፣ ጸሎቱን ሳትጀምር ለማን ለማን ነገርክ?" አሉኝ። ለመሥሪያ ቤቴ ነግሬአለሁ። ለቤት አከራዬም በሚቀጥለው ወር እለቃለሁ ብያለሁ። ፍሪጄንም ሸጫለሁ። ይኼን ስነግራቸው "እንግዲያ እግዚአብሔርን የምትጠይቀው ምኑን ነው?" ብለው ዝም አሉ። ምንም መልስ አልነበረኝም። የወሰንኩትን ወረቀት ይዤ ሄጄ ማኅተም እንዲመታልኝ ነበር የምለምነው፣ ሰላም ያልኩትም ሰላም አልነበረም፣ ጉጉት ነው።

ኤርምያስ ምዕራፍ 42ን አንብቡት፣ ይኼው ነው ያለው። ከምርኮ የተረፉት ሰዎች ወደ ነቢዩ ይመጡና መልካምም ሆነ ክፉ እግዚአብሔር ያለውን እንሰማለን፣ ጠይቅልን ይላሉ። ኤርምያስ ይጸልያል፣ አሥር ቀን ይቆያል፣ መልሱ ይመጣል፦ በዚህ ምድር ተቀመጡ፣ ወደ ግብፅ አትሂዱ። እነሱ ምን አሉ? ሐሰት ትናገራለህ አሉትና ወደ ግብፅ ሄዱ፣ እሱንም ይዘውት ሄዱ። ሲጠይቁም ፊታቸው ወደ ግብፅ ነበር።

ስለዚህ ደብተሩ ላይ እነዚህን ሦስት መስመሮች ጻፉ።

ልቤ ያዘነበለው ወዴት ነው፣ ከ10 ስንት?
"አይሆንም" ቢባል የማጣው ምንድን ነው?
"አይሆንም" ቢባል የማፍረው ማንን ነው?

ሦስተኛዋን አትዝለሏት። እኔ ስጽፋት የወጣው ነገር ደሞዙም ዱባይም አልነበረም፣ "ጓደኞቼ ሁሉ ሄደው እኔ ብቻ ቀረሁ እንዳይባል" የሚል ነበር። ትዕቢት ያለችው እዚህ ቦታ ነው፣ ለመንፈሳዊ ነገር የለበስነው ልብስ ሥር። ካልተጻፈች አትታይም፣ ካልታየች ደሞ በእግዚአብሔር ስም ትናገራለች።

ከ10 ዘጠኝ ወይ አሥር ከጻፋችሁ ጸሎታችሁ ገና "ምራኝ" የሚለው አይደለም፣ መጀመሪያ "ልቤን ወደ መካከል መልስልኝ" የሚለው ነው። ጌታም በጌቴሴማኒ ፈቃዱን አልደበቀም፣ ይህች ጽዋ ትለፍ አለ፣ ከዛ ነው "አንተ እንደምትወድ ይሁን እንጂ እኔ እንደምወድ አይሁን" ያለው። ፍላጎታችሁን መናገር ኃጢአት አይደለም፣ መጀመሪያ ተናገሩት፣ ከዛ እጃችሁን ልቀቁት።

ቃል የገባችሁበት፣ ቀብድ የከፈላችሁበት፣ ለዘመድ ያወጃችሁት ነገር ካለ በዚህ ሳምንት አቁሙት ወይ "ገና አልወሰንኩም" በሉ። ያሳፍራል፣ አውቃለሁ፣ ግን መመለሻውን የዘጋችሁበት መንገድ ላይ ቆማችሁ መንገድ መጠየቅ አይቻልም።

3. ቀድሞ የተመለሰ ጥያቄ መሆኑን እዩ

አንዳንዱ ነገር አይጸለይበትም፣ መልሱ አለ። ባለትዳር ሰው ልውደድ ወይ፣ የወንድሜን ድርሻ ልካደው ወይ፣ የሐሰት ሰነድ ላስገባ ወይ፣ እነዚህ ሱባዔ አያስፈልጋቸውም። በለዓም (ዘኁልቁ 22) "አትሂድ" ተብሎ ግልጽ መልስ ከተሰጠው በኋላ ትልቅ ክብር ቃል የሚገቡ ሌሎች መልእክተኞች ሲመጡ "ዛሬም እዚህ እደሩ፣ ልጠይቅ" አለ። መንገዱ ላይ መልአኩን ያየችው አህያዋ ናት፣ ነቢዩ አላየም። አንዴ የተመለሰን ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ ትጋት ይመስላል፣ የሚያደርገው ግን ጆሮን መድፈን ነው።

4. የተጣላችሁትን ታረቁ፣ ንስሐ ግቡ

ማቴዎስ 5፥23-24 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። ለምን ይሄ ለመስማት ያስፈልጋል? ቂም የያዘ ሰው ምክር ሲሰማ የሚሰማው ምክሩን ሳይሆን የተናገረውን ሰው ነው። የምትጠሉት ሰው አፍ ላይ እግዚአብሔር መልስ ቢያስቀምጥላችሁ ታልፉታላችሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ከባድ የሚሆነው አፍ ላይ ነው። ደውሉ፣ "በዚህ ነገር በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ" በሉና አቁሙ። "አንተም እኮ..." የምትለዋ ቃል ከመጣች ይቅርታው ፈረሰ። ባያነሳ ሜሴጅ ላኩ፣ ባይመልስ የእናንተን ድርሻ ተወጥታችኋል። አደጋ ያደረሰባችሁን ሰው ግን ሄዳችሁ ማግኘት የለባችሁም፣ በልብ ይቅር ማለት ይበቃል፣ ይኼን ከአባታችሁ ጋር ተማከሩ።

ከዛ ወደ ንስሐ አባት። ኃጢአታችሁን ስትናዘዙ ምክንያቱን አታስረዝሙ፣ ኃጢአቱን ብቻ ጥሩት። የሰጧችሁን ቀኖና "አነሰ" ብላችሁ በራሳችሁ አትጨምሩ፣ "በዛ" ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትቀንሱ፣ ከከበዳችሁ ተመልሳችሁ ንገሯቸው። ለምጻሙ የሶርያ ጦር አለቃ ንዕማን (2ኛ ነገሥት 5) በነቢዩ ኤልሳዕ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ ሲባል የተቆጣው ነገሩ ስለቀለለበት ነው፣ የደማስቆ ወንዞች አይበልጡም ወይ አለ። እኛም ትልቅ ነገር ታዘን ብንሠራው ደስ ይለናል፣ ትንሿ ትዕዛዝ ናት የምትከብደን።

5. ሰባቱን ቀን እንዲህ ያዙ

ከመጀመራችሁ በፊት ለአባታችሁ ንገሩና ፈቃድ ተቀበሉ። ሰዎች በራሳቸው 40 ቀን ሱባዔ ገብተው መሀል ላይ ሲያቅታቸው ተስፋ ቆርጠው ሁሉንም ሲተዉ አይቻለሁ፣ ጨርሰው ደሞ "እኔ እኮ 40 ቀን የያዝኩ ሰው ነኝ" የሚል ነገር ልባቸው ውስጥ የቀረባቸውም አሉ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። ሉቃስ 18 ላይ ያለው ፈሪሳዊ በሳምንት ሁለት ጊዜ እጾማለሁ ያለው ውሸት ስለሆነ አይደለም የተነቀፈው፣ እውነቱን ይዞ ቀራጩን ስለናቀበት ነው።

ጠዋት። ከስልክ በፊት ተነሱ፣ አላርም ለብቻው ሰዓት ይሁን ወይ ስልኩ ሳሎን ይደር። ወደ ምሥራቅ ቁሙ፣ በስመ አብ ብላችሁ አማትቡ፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም። ከዛ ከዳዊት መዝሙር 24ን ወይ 142ን ቀስ ብላችሁ አንብቡ (ቁጥሩ በሌላ ዕትም 25 እና 143 ሊሆን ይችላል)። 24ኛው መንገድህን አመልክተኝ ይላል፣ 142ኛው ፈቃድህን ለማድረግ አስተምረኝ ይላል፣ ልብ በሉ፣ "ለማወቅ" አይደለም "ለማድረግ" ነው የሚለው። ከዛ ደብተራችሁ ላይ የጻፋችሁትን ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ አንብቡት። ስትጨርሱ አሥር ደቂቃ ዝም በሉ።

ዝምታው ላይ ነው ሰው የሚቸገረው። የቤት ኪራይ ይመጣል፣ ትናንት የተሰደባችሁት ይመጣል፣ ወጥ ይመጣል። አትታገሉት፣ "አቤቱ ማረኝ" ወይም ሳሙኤል ያለውን "ባሪያህ ይሰማልና ተናገር" የምትለውን ይዛችሁ ተመለሱ። ሳሙኤል ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሦስቱንም ጊዜ የጠራው ካህኑ ዔሊ መስሎት ሮጦ እሱ ጋ ሄዷል፣ ማን እንደጠራው የነገረው ዓይኑ የደከመው ሽማግሌ ነው። ስለዚህ ሦስት ቀን ምንም አልሰማሁም ብላችሁ አታቋርጡ፣ እየሰማችሁ ሳታውቁት ሊሆን ይችላል።

ጾም። ረቡዕና አርብ ያው የሁሉም ነው፣ እስከ 9 ሰዓት የምትችሉ ያዙት፣ የቀሩትን ቀኖች አባታችሁ እንዳሉ። የጾሙ ጥቅም እግዚአብሔርን ማስገደድ አይደለም፣ ሆዳችሁን "ትንሽ ቆይ" ማለት ከለመዳችሁ ፍላጎታችሁንም ቆይ ማለት ትለምዳላችሁ። ስግደት ቅዳሜና እሁድ፣ በበዓለ ሃምሳ፣ ከቆረባችሁ በኋላ አይሰገድም፣ ቁጥሩን በራሳችሁ አታብዙት።

በቀን አንድ ዝቅ ያለ ሥራ። ማንም የማያይላችሁ ይሁን፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ መጥረግ፣ የሆስፒታል አልጋ ላይ ያለ ሰው ልብስ ማጠብ፣ ቤት ውስጥ ሁሌ ለሌላ ሰው የምትተዉትን ዕቃ ማጠብ። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት አባቶች ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር በወይራና በወይን ቅጠል ሲያጥቡ ታያላችሁ አይደል፣ እሱን ለቤት አምጡት። ትሕትና በማሰብ አይመጣም፣ እጅና ጉልበት ቀድመው ዝቅ ሲሉ ልብ ይከተላል። ፎቶ አታንሱት፣ ለማንም አትንገሩት።

ማታ። የሰማችሁትን ጻፉ፦ ዛሬ ማን ምን አለኝ፣ ከስብከቱ ወይ ከንባቡ የቀረችብኝ ቃል ምንድን ናት፣ ማን አረመኝና ተቆጣሁ? የመጨረሻዋን በተለይ። የተቆጣችሁበት ቦታ ብዙ ጊዜ መልሱ የቆመበት ቦታ ነው።

አረብ አገር በሰው ቤት ያላችሁ እህቶች፣ ግማሽ ሰዓትም የግል ክፍልም እንደሌላችሁ አውቃለሁ። አንዷ እህት እንደነገረችኝ የምትጸልየው ልብስ ስትተኩስ ነው፣ አንድ ሸሚዝ አንድ አቡነ ዘበሰማያት። በቂ ነው። ደብተሩ የሚያስፈራችሁ ከሆነ ጥያቄውን በቃል ያዙት። ምክር ከንስሐ አባታችሁ በስልክ መቀበል ትችላላችሁ፣ ኑዛዜና ፍትሐቱን ግን እሳቸው እንደሚሏችሁ አድርጉ።

6. መጽሐፍ ቅዱስን በተራ አንብቡ

ዓይን ጨፍኖ ገልጦ ጣት ያረፈበትን ጥቅስ መልስ ማድረግ ተዉ። በሱ መንገድ የፈለጋችሁት እስኪመጣ ደጋግማችሁ ትገልጣላችሁ፣ ደርሶብኛል። አንድ ወንጌል ምረጡ፣ ማርቆስ 16 ምዕራፍ ስለሆነ በቀን ሁለት ወይ ሦስት ብታነቡ በሳምንት ያልቃል። ለምን በተራ? ያልመረጣችሁት ክፍል ነው የሚናገራችሁ፣ የመረጣችሁት የምታውቁትን ይደግምላችኋል።

7. ሰው ጠይቁ፣ አጠያየቁን ግን አስተካክሉ

ከአራተኛው ቀን በኋላ ሁለት ሰው፦ አባታችሁንና ያንን የማይፈራችሁን ሰው። ስትጠይቁ ነገሩን የምትፈልጉት መልስ እንዲመጣ አድርጋችሁ አታቅርቡ። "በጣም ጥሩ ሥራ አግኝቼ ነበር፣ ምን ትላለህ?" ብትሉት ሂድ ከማለት ሌላ ምን ይላል? እንዲህ በሉ፦ "ሁለት መንገድ አለኝ፣ የዚህ ጥቅሙ ይሄ ጉዳቱ ይሄ፣ የዛኛው እንዲህ፣ እኔ ያላየሁት ምን አለ?" ከዛ ስልኩን ሳይለንት አድርጋችሁ ስሙ። በመሀል ማስረዳት ከጀመራችሁ መስማት አቁማችኋል። መልሱን ወዲያው አትከራከሩበት፣ አንድ ሌሊት ይደርበት።

እኔ አባቴ ከመለሱኝ በኋላ እንደ አዲስ ስጀምር ታናሽ እህቴን ጠየቅኳት። ከዛ በፊት ስለ ምንም ነገር ጠይቄያት አላውቅም፣ ሁሌ እኔ ነኝ እሷን የምመክራት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ቀና ሳትል "እማዬ እኮ ከአራተኛ ፎቅ ከወረደች ሁለት ሳምንት ሆናት" አለችኝ። ኮንዶሚኒየሙ ሊፍት የለውም፣ ጉልበቷ ደረጃውን አልቻለም፣ ቤተ ክርስቲያንም ቀርታለች፣ "እንዳይሰማ፣ ጉዞው ይበላሽበታል" ብላ አስምላቸው ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ዳዊት ስደግም ያላገኘሁትን አጠገቤ ያለች ልጅ ይዛው ነበር። ለንዕማንም ስለ ኤልሳዕ በሚስቱ በኩል የነገረችው የተማረከች ትንሽ ልጅ ናት እንጂ ከጌቶቹ አንዱ አልነበረም።

ስለዚህ ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ ጨምሩ፦ ጠይቃችሁት የማታውቁትን፣ ከእናንተ በታች አድርጋችሁ የምታስቡትን ሰው።

እዚህ ጋ አንድ ማስጠንቀቂያ። ስለ ራእይ ወይ ስለ ትንቢት ገንዘብ የሚጠይቅ፣ "ለማንም አትናገር" የሚል፣ ከንስሐ አባት የሚያርቅ፣ የሚያስፈራራ "ባሕታዊ" ወይ "ነቢይ" ጋ አትሂዱ። ኤልሳዕ ከንዕማን ስጦታ አልተቀበለም፣ ሮጦ የተቀበለው አገልጋዩ ግያዝ ነው፣ የንዕማን ለምጽም በሱ ላይ ተጣበቀ። ሰይጣን የብርሃን መልአክ ለመምሰል ራሱን ይለውጣል ተብሎ ተጽፏል (2ኛ ቆሮንቶስ 11፥14)። ሕልም ካያችሁም ጻፉት፣ ለአባታችሁ ንገሩ፣ በሕልም ብቻ አትወስኑ።

8. መዝኑ

ሰባተኛው ቀን ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ አንብቡ። የምትፈልጉት አንድ ነጠላ ምልክት አይደለም፣ መደጋገም ነው። ቃሉ፣ አባታችሁ፣ ያ ሰው፣ የሆነው ሁኔታ፣ ወደ አንድ ወገን እየጠቆሙ ነው ወይ? ያንን "ከ10 ስንት" ደግማችሁ ጻፉት፣ ተቀይሯል? ቁጥሩ ባይቀየርም "ባይሆንም እሺ" ማለት ከቻላችሁ ሳምንቱ ሠርቷል።

ሰላምንና ጉጉትን ለዩ። ጉጉት ያስቸኩላል፣ "ዛሬ ካልሆነ ያመልጣል" ይላል፣ ጥያቄ ሲነሳበት ይቆጣል። ሰላም ቢጠየቅም አይረበሽም፣ ነገ ድረስ መቆየት ይችላል። ማብቂያ ቀን ያለው ኦፈር እንኳ ቢሆን ብዙ ጊዜ ሦስት ቀን ጨምሩልኝ ተብሎ ይጨመራል፣ ጠይቁ።

በር ተዘጋ ማለት ሁሌ ቁጣ አይደለም። ጳውሎስና አብረውት ያሉት በእስያ እንዳይናገሩ ተከለከሉ፣ ወደ ቢታንያ ሲሞክሩም አልተፈቀደም (ሐዋርያት ሥራ 16)፣ ከሁለት ክልከላ በኋላ ነው የመቄዶንያው ሰው በራእይ የታየው። እየሄዱ ነበር ግን፣ ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ስለዚህ ካልጠራላችሁ የምትመለሱበትን ትንሽ እርምጃ ውሰዱ፣ ሙሉ በሙሉ ከመልቀቅ የአንድ ወር ፈቃድ፣ ከሽምግልና በፊት ቤተሰብ መተዋወቅ።

ምንም ካልመጣስ? ባላችሁበት ቆዩ፣ የታወቀውን የዕለት ግዴታችሁን ሥሩ፣ ከአንድ ወር በኋላ ድገሙት። ቀኑ ካለቀና መወሰን ግድ ከሆነ ኃጢአት የሌለበትን፣ አባታችሁ ያልተቃወሙትን፣ ሌላ ሰው የማይጎዳውን መርጣችሁ በእምነት ሂዱ።

9. ከወሰናችሁ በኋላ

"እግዚአብሔር ነግሮኛል" አትበሉ። "ጸልየንበት፣ ተማክረንበት እንዲህ መስሎኛል" በሉ። የመጀመሪያውን ስትሉ ማንም ሊያርማችሁ አይችልም፣ አፉን ዘጋችሁታል፣ ተሳስታችሁ ቢሆን ደሞ ስሕተቱን በእግዚአብሔር ላይ ለጠፋችሁ። ነቢዩ ናታን እንኳ ዳዊት ቤተ መቅደስ ልሥራ ሲለው በልብህ ያለውን አድርግ ብሎት ነበር፣ በዚያው ሌሊት የእግዚአብሔር ቃል መጥቶ ሲያርመው ተመልሶ ሄዶ የታረመውን ነገረው (2ኛ ሳሙኤል 7)። ነቢይ ቃሉን ከመለሰ እኛም እንችላለን።

ያለፈውን መልስ ለአዲስ ጥያቄ አትጠቀሙበት። ያው ዳዊት ፍልስጥኤማውያን በዚያው ሸለቆ ተመልሰው ሲመጡ (2ኛ ሳሙኤል 5) እንደገና ጠየቀ፣ መልሱ ሌላ ነበር፣ በፊት ለፊት አትውጣ፣ በኋላቸው ዙር ተባለ። እኔ ያን ጊዜ ቀረሁ፣ ይሄ ማለት ሥራ ከውጭ የመጣለት ሁሉ ይቅር ማለት አይደለም፣ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድማችን በዚሁ አሠራር ጠይቆ ሄዷል፣ እስከ ዛሬም እዛው እያገለገለ ነው።

ደብተሩን አትጣሉት። ከሦስት ወር በኋላ ቀን ምልክት አድርጉና ያንን ገጽ ክፈቱ፣ ከጥያቄው ሥር የሆነውን ጻፉ፣ የተሳሳታችሁት ካለ ያንንም ጻፉ፣ ከዛ ይዛችሁት አባታችሁ ጋ ሂዱ።